የመኪና ሞተር ክፍልን ግቢ ውስጥ ማጽዳት፦ ድሬ ላይ እንዴት ታደርጉታላችሁ?

የከዚራ ጥላ

ሰላም ለድሬና ለሐረር ልጆች!

የምነዳው ቶዮታ ኮሮላ ነው። ቤንዚን ነው። የድሬን አቧራ ለእናንተ አልነግራችሁም። ኮፈኑን ስከፍት ሞተሩ አይታይም፤ የሚታየው አቧራና ዘይት ተጋግሮ የሠራው ቡናማ ቅርፊት ነው። ማታ የማቆመው ኒም ዛፍ ሥር ስለሆነ ቅጠሉም በየስርቻው ገብቷል።

በቅርቡ አንድ ላቫጆ ወስጄው ነበር። ሞተሩ እንደጋለ ናፍታ ረጩበት፤ ወዲያው በከባድ ግፊት ውሃ ለቀቁበት። ሲወጣ ያብለጨልጫል። ቤት ሳልደርስ ግን ሚኒሞ ላይ (ቆሞ ነዳጅ ሳይሰጠው ሲሠራ) መንዘፍዘፍ ጀመረ፤ የሞተር መብራትም በራ። ቀስ እያለ ደርቆ ተስተካከለ። እኔ ግን ሁለተኛ ለሰው አልሰጥም ብያለሁ።

አሁን ራሴ ላጸዳው አስቤያለሁ። ሞተር ውሃ ይነካዋል ወይስ ጭራሽ አይነካውም? ምኑ ይሸፈናል? በምን ይታጠባል? ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣልን ብዙ ማፍሰስም አልችልም። የምታውቁ በዝርዝር ንገሩኝ።

ቁልፍ አስር

ሰላም ወንድሜ። ሳቢያን በኩል ጋራዥ ውስጥ ነው የምሠራው። ይህ ነገር በየጊዜው ስለሚገጥመኝ ረዘም አድርጌ ልጻፍልህ።

ሞተር ውሃ ይነካዋል። በክረምት የደንገጎን ዳገት የወጣ ሰው ከሥር ምን ያህል ውሃ እንደሚረጭ ያውቃል፤ መኪናው ግን አይቆምም። ጉዳት የሚያመጡት ግፊትና ሙቀት ናቸው። ጎማህ ውስጥ ያለው አየር ከ2 ባር ትንሽ ነው የሚበልጠው። የላቫጆ ማሽን ደግሞ ከ100 ባር በላይ ይገፋል። የሽቦ ሶኬቶች ጫፍ ላይ ያለችው ቀጭን ጎማ የዝናብ ውሃ ትመልሳለች፤ ያንን ግፊት ግን አትችለውም።

ያንተ መኪና ምን እንደሆነ ልንገርህ። አዲሶቹ ኮሮላዎች በእያንዳንዱ ካንዴላ (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው እሳት የሚዘልበት) አናት ላይ የራሱ ቦቢና (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው) አላቸው። ካንዴላው ያለው ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ውሃው በቦቢናው ጎን ሾልኮ ወርዶ እዚያ ተኝቷል። እሳቱ ካንዴላው ጫፍ ላይ መዝለል ሲገባው በውሃው በኩል ወደ ብረቱ ይሸሻል። ያኔ የዚያ ሲሊንደር ቤንዚን ሳይቃጠል ይወጣል። ለዚህ ነው የተንዘፈዘፈው። መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ደግሞ መንዳት ማቆም ነው፤ ያልተቃጠለው ቤንዚን ማርሚታ መስመር ላይ ያለውን ካታሊቲክ (የጭስ ማጣሪያ) ያቃጥለዋል።

አሁን ወደ ሥራው።

መኪናው ያለ ሥራ ይደር። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ሳትከር፣ ጀምር። ድሬ ላይ ረፋድ ላይ ከጀመርክ ሳሙናው ሳታጥበው ይደርቅብሃል፤ የደረቀ ሳሙና አሉሚኒየም ላይ ነጭ ምልክት ይተዋል። ቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛውን ብረት) በእጅህ ንካው። ቀዝቃዛ ነው? እንግዲያው ጥሩ። ራዲያተር ክዳን ደግሞ ጋለም አልጋለም ለዚህ ሥራ አይከፈትም።

ከዚያ ባትሪውን ፍታ። መጀመሪያ ኔጌቲቩን። ቁልፍ 10 ይበቃሃል። ፖዘቲቩን ቀድመህ ስትፈታ ቁልፉ ቦዲውን ከነካ እሳት ይረጫል። ኔጌቲቩ ከወጣ ግን ቁልፉ ቢነካም ምንም አይሆንም። ቀለበትና የእጅ ሰዓት አውልቅ። ባትሪ የምንፈታበት ሌላም ምክንያት አለ፦ በብዙ መኪና የራዲያተሩ ቬንቲላተር ሞተሩ ጠፍቶም በራሱ ይነሳል። ጣትህ እዚያ እያለ እንዲነሳ አትፈልግም።

ውሃ ከመንካትህ በፊት በደረቁ ሥራ። የኒም ቅጠሉን በእጅህ ልቀም። ከፊት መስታወቱ ሥር፣ የዝናብ መጥረጊያዎቹ የተተከሉበት ቦይ አለ፤ ቅጠል የሚጠራቀመው እዚያ ነው። ቦዩ ከተደፈነ በክረምት ውሃው መውጫ ያጣና ወደ ውስጥ፣ ወደ ምንጣፉ ይገባል። ከዚያ በቀለም ብሩሽ አቧራውን አራግፍ። እውነቴን ነው የምልህ፣ ግማሹ ሥራ እዚህ ላይ ያልቃል።

ከዚያ ሽፈን። ዲናሞውን፣ የዲፕራተሩን (የአየር ማጣሪያውን) አየር መሳቢያ፣ የፊውዝ ሳጥኑን፣ ቦቢናዎቹን፣ ኮምፒውተሩ ኮፈን ሥር ከሆነ እሱንም። ፌስታልና ላስቲክ ይበቃል። የዘይት ክዳኑና የዘይት መለኪያ ዘንጉ በደንብ መቀመጣቸውን እይ። ስንት ፌስታል እንዳሰርክ ቁጠር፤ ስትጨርስ ያንኑ ያህል ቁጥር መውጣት አለበት። ዲፕራተር አፍ ላይ የተረሳ ፌስታል ሞተሩ ሲነሳ ይሳባል።

ለሳሙና ላርጎ በሞቀ ውሃ በቂ ነው። በሚረጭ ጠርሙስ አድርገው። ከታች ወደ ላይ እርጭ፣ ጥቂት ይቆይ፣ በብሩሽ ፈትገው፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረገው። የተጋገረ ዘይት ካለ ለሞተር ተብሎ የሚሸጥ በውሃ የሚሟሟ ዘይት ማስለቀቂያ አለ፤ እሱን የምትጠቀመው እዚያች ቦታ ላይ ብቻ ነው። ማጠቢያው ከጎማ ቱቦ በቀስታ የሚወርድ ውሃ ወይም ያው የሚረጭ ጠርሙስ ይሁን። ግማሽ ጀሪካን ውሃ ይበቃሃል።

የከዚራ ጥላ

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ! ይህን ያህል ዝርዝር አልጠበቅኩም ነበር። ኦሞስ ይሆናል? በረኪናስ? ቤት ያለው እሱ ነው።

ቁልፍ አስር

በረኪና በፍጹም። አሉሚኒየሙን ይበላዋል፤ የሶኬት መዳቦችንም ያዝገዋል። ኦሞ ከላርጎ ይበረታል፤ አሉሚኒየምን ያደበዝዛል፣ ፍሬውም ሳይሟሟ ስርቻ ውስጥ ይቀራል። ላርጎውን ያዝ።

ደንገጎ ዳገት

ከጋሼ ጋር በአንድ ነገር አልስማማም።

እኔ አይሱዙ ነው የምነዳው። ጅቡቲ መስመር ነኝ። እኛ ሞተር የምናጥበው በናፍታ ነው፤ ከእኛ በፊት የነበሩትም በናፍታ ነበር። ናፍታ የማይፈታው ቅባት የለም። ላርጎ የወጥ ድስት ያጥባል እንጂ የአይሱዙ ሞተር ላይ ያለውን ጭቅቅት አይነካውም። የናፍታ መኪና ደግሞ ካንዴላ የለው፣ ቦቢና የለው፤ ውሃ ምን ያደርገዋል?

ቁልፍ አስር

ወንድሜ፣ ናፍታ ቅባት ይፈታል፤ በዚህ አንጣላም። ጥያቄው ከፈታ በኋላ የት ይሄዳል ነው።

በውሃ ስታጥበው ሁሉም አይወጣም። ቀጭን ሽፋን ሆኖ ይቀራል። የሚያብለጨልጨው እሱ ነው። ከሳቢያን ተነስተህ የደቻቱን ወንዝ እስክትሻገር አቧራው እዚያ ሽፋን ላይ ይለጠፋል። ስለዚህ በናፍታ የታጠበ ሞተር ከሌላው ቀድሞ ይቆሽሻል። ድሬ ላይ ናፍታ አቧራ የሚሰበስብ ማጣበቂያ ነው።

ሁለተኛው ጎማው ነው። የራዲያተር ቱቦ የሚሠራበት ጎማ ውሃና ሙቀት ይችላል፤ የነዳጅ ዘይት ግን አይችልም። ናፍታ ይጠጣና ያብጣል፣ ይለሰልሳል። አንተ ደግሞ መንገድህ በረሃ ነው። ደወሌ አካባቢ በዚያ ሙቀት ቱቦ ቢፈነዳብህ ማን ያነሳሃል? ቺንጊያውም (የሞተሩ ቀበቶ) ናፍታ ከነካው ይንሸራተታል፣ ይጮሃል። የሞተር መቀመጫ ጎማዎቹም እንደዚያው።

ካንዴላ ባይኖረውም ዲናሞና ሞተሪኖ (ማስነሻ) አለው። አዲሶቹ ደግሞ በሶኬትና በሴንሰር የተሞሉ ናቸው።

እሳቱን ሳልረሳ፦ ቤንዚን በማንኛውም የድሬ ቀን የሚቀጣጠል ትነት ያወጣል፤ በብርድም ያወጣል። ላምባ ከ38 ዲግሪ ጀምሮ ነው። ናፍታ ከ50 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። ድሬ ላይ ጥላ ሥር 35 ዲግሪ የሚሆንበት ቀን ስንት ነው? የጋለ ሞተር ላይ ደግሞ መቶ ዲግሪ የሚያልፍ ብረት አለ። በቤንዚን ሞተር የሚያጥብ ሰው ካያችሁ አስቁሙት። ይህን ለሁሉም ነው የምለው።

ላቫጆ ልጅ

እኔ ላቫጆ ነው የምሠራው። ስለኛም ስለተወራ ልናገር።

ሰው መኪናውን ይዞ የሚመጣው ከመንገድ ነው። ከሐረር ደንገጎን ወርዶ፣ ሞተሩ እየነደደ ይገባል። «ቶሎ በሉልኝ፣ ሰው ይጠብቀኛል» ይላል። ይቀዝቅዝ ስንለው ይቆጣል፤ ሌላ ጋ ይሄዳል። ናፍታ ካልረጨንበትም አላበራም ብሎ ሂሳብ ይቀንሳል።

ማሽኑ ኃይለኛ መሆኑ እውነት ነው። ጋሼ ያሉትም ሁሉ ልክ ነው። ግን ባለመኪናውም ይተባበረን። ጠዋት ገና ሞተር ሳይግል ይምጣ፤ ወይ ቁልፉን ትቶ ቡናውን ጠጥቶ ይመለስ። «በግፊት አትንኩት፣ በብሩሽ ብቻ» ብሎ የሚያዘን ሰው ካለ በብሩሽ እንሠራለን። እንዲያውም ደስ ይለናል። ሥራውን በሥርዓቱ መሥራት የሚጠላ የለም።

ሌላ ያየሁትን ልንገራችሁ። ራዲያተሩን ከፊት በማሽን የሚመቱት አሉ። እነዚያ ቀጫጭን የአሉሚኒየም ቅጠሎች ይተኛሉ። ከተኙ አየር አያልፍም። ከዚያ ዳገት ላይ ሞተሩ ከልክ በላይ ይግላል፤ ሰውየው ራዲያተር ተደፈነ ብሎ ጋራዥ ይሄዳል።

ቁልፍ አስር

ላቫጆ ልጅ፣ አንጀቴን አራስከው። የራዲያተሩ ነገር ትልቅ ነው፣ ተጠንቅቀህ ያየኸው። አቧራውና ነፍሳቱ የገባው ከፊት ነው፤ ስለዚህ መውጣት ያለበት በገባበት ነው። ከሞተር በኩል ወደ ፊት በቀስታ ውሃ ልቀቁበት ወይም በኮምፕረሰር ከራቅ አድርጋችሁ ንፉት።

እሙ ሳቢያን

ሰላም ለሁላችሁም። እኔ ቪትዝ አለኝ። ሞተሬን ራሴ ነው የማጸዳው። ወንዶቹ ስለማብለጭለጭ ብዙ ስታወሩ አንድ ነገር ቀረ፤ እኔ የማጸዳው ልየው ብዬ ነው።

መኪናዬ ዘይት ትቀንስ ነበር። ግቢው ላይ ጠብታ የለም። ማርሚታው አይጨስም። አንዱ ፓራኦሊዮ (የዘይት ማገጃ ጎማ) ነው ይለኛል፣ አንዱ ቴስታታ መውረድ አለበት ይለኛል። ሞተሩ ሁሉ አቧራ ለብሶ ማን ያውቃል?

በላርጎና በጥርስ ብሩሽ አጸዳሁት። በደንብ አደረቅሁት። ከዚያ የሕፃን ፓውደር ወስጄ የቴስታታው የላይኛው ክዳን በሚገጥምበት መስመር ዙሪያ፣ ከታችም በዘይት ፊልትሮው አካባቢ፣ በስሱ ነፋሁበት። ቺንጊያው አጠገብ አላደረስኩትም። እስከ መጋላ ደርሼ ተመለስኩና ኮፈኑን ከፈትኩ። ፓውደሩ ሁሉ ነጭ ነው። በአንድ ጥግ ብቻ፣ ከኋላ በኩል፣ ከአንዲት ቡሎን ሥር የጀመረች ቀጭን ቢጫ መስመር ወርዳለች። ጣቴን አስነካሁ፤ ዘይት ነው። ዘይቱ የጋለው ብረት ላይ ይወርድና እዚያው ይቃጠላል፤ መሬት የማይደርሰው ለዚህ ነው። አንዳንዴ መብራት ላይ ስቆም የሚሸተኝ ሽታም እሱ ኖሯል።

የክዳኑ ጋስኬት ተቀየረ፣ አለቀ። ቴስታታ አልወረደም። ስለዚህ እህት ወንድሞቼ፣ ዘይት ትቀንሳለች የተባላችሁ ሁሉ ትልቅ ሥራ ከመፍቀዳችሁ በፊት አጽድታችሁ እዩ።

የከዚራ ጥላ

እህቴ ይህንን የሕፃን ፓውደር ነገር ዛሬ ገና ሰማሁ። ተባረኪ። ባትሪዬ ጫፍ ላይ ደግሞ ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ወጥቷል። እሱም በላርጎ ይጸዳል?

እሙ ሳቢያን

እሱስ በላርጎ አይሆንም። የባትሪ አሲድ ያመጣው ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ የምግብ ሶዳ በአንድ ብርጭቆ ውሃ በጥብጥ፤ ባይካርቦኔቱን ማለቴ ነው። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ቀባው። አረፋ ይነሳል፤ አረፋው ሲቆም አሲዱ አልቋል ማለት ነው። በንጹህ ውሃ አለቅልቅ፣ አድርቅ፣ ስትገጥመው ትንሽ ግራሶ ከላይ ቀባ። የባትሪው የውሃ ክዳኖች መዘጋታቸውን አስቀድመህ እይ፤ ሶዳው ወደ ውስጥ ከገባ ባትሪውን ይገድለዋል።

ዱቄቱን በደረቁ አትጥረገው፣ ወደ ዓይን ይበናል። ጓንትና መነጽር አድርግ። ልጆችን ደግሞ ከአካባቢው አርቅ። የኔዎቹ ኮፈን በተከፈተ ቁጥር መጥተው ካልነካን ይላሉ።

አራት ዜሮ አራት

ከሐረር ነኝ። ፔጆ 404 ነው ያለኝ። ሸዋ በር አካባቢ ታክሲ ሆኖ ብዙ የሠራ መኪና ነው። አሁን ለቤት ነው የምይዘው። ጋሼ፣ ለአሮጌ መኪና ምን ይለያል? ኮምፒውተር የለው፣ ሴንሰር የለው። እንደልቤ ባጥበውስ?

ቁልፍ አስር

404 እያለ እንዴት ዝም እላለሁ! 1960ዎቹን አልፎ እስከ ዛሬ የሐረርን ዳገት የሚወጣ ብረት ነው። በፈረንጆቹ 1975 ፈረንሳይ አገር መመረቱ ያቆመ መኪና ነው፤ በደንብ ያዘው።

ኮምፒውተር የለውም፤ ስፒንትሮጅን (እሳቱን ለካንዴላዎቹ በተራ የሚያከፋፍለው) ግን አለው። ውሃ የሚያስቆመው እዚያ ላይ ነው። ክዳኑ ውስጥ እርጥበት ከገባ እሳቱ ከአንዱ ነጥብ ወደ ሌላው ይሾልካል፤ መኪናው ጨርሶ አይነሳም። ስፒንትሮጅኑን በፌስታል ጠቅልለህ እሰረው። ካርቡራተሩንም እንደዚያው፤ ከሱ የገባ ውሃ በቀጥታ ወደ ሲሊንደሩ ነው የሚወርደው።

የአሮጌ መኪና ሽቦ ልብሱ ደርቋል። ስታጸዳ አታጣጥፈው፣ አትጎትተው። በእርጥብ ጨርቅ ብቻ አብሰው። የተሰነጠቀ ካየህ ቀይረው እንጂ ሳሙና አታስገባበት።

ውሃ ገብቶ አልነሳ ካለህ አትደጋግምበት፤ ባትሪህን ትጨርሳለህ። የስፒንትሮጅኑን ክዳን አውጣ፣ ውስጡን በንጹህ ደረቅ ጨርቅ ጥረገው፣ ፀሐይ ላይ አስቀምጠው። የካንዴላ ገመዶቹን ስትነቅል በተራቸው ምልክት አድርግባቸው። ሐረር ከእኛ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት፤ ጠዋት ብርድ ነው። እኛ ጋ ቶሎ የሚደርቀው እናንተ ጋ ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ አንተ ረፋድ ላይ ጀምር።

አራት ዜሮ አራት

አላህ ይስጥልኝ ጋሼ። እኛ ጋ ውሃ ዋጋ አለው፤ ከታች ከድሬ በኩል በፓምፕ ተገፍቶ ዳገት ወጥቶ ነው የሚደርሰን። ስለዚህ የጨርቁና የብሩሹ መንገድ በጣም ነው የተመቸኝ።

ሽቦ ዘርጊ

የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነኝ። ሁለት ነገር ልጨምር፣ አቦ ይህ ክር ለብዙ ሰው ይጠቅማል።

አንደኛው ውሃችን ነው። የድሬ ውሃ ጨው አለው፤ ጀበናችሁን አይታችሁ ታውቁታላችሁ። ሶኬት ላይ ተኝቶ ከደረቀ ነጩን ትቶ ይሄዳል። ነጩ ደግሞ እርጥበት ይስባል፣ መዳቡን አረንጓዴ ያደርገዋል። ስለዚህ «ፀሐይ ያደርቀዋል» ብላችሁ አትተዉት። በጨርቅ አድርቁት፤ ኮምፕረሰር ያለው ጎሚስታ አጠገባችሁ ካለ ሶኬቶቹንና የካንዴላ ጉድጓዶቹን አስነፉ። ካንዴላውን ከማውጣታችሁ በፊት ጉድጓዱን ንፉ፤ አለበለዚያ አሸዋው ሲሊንደር ውስጥ ይገባል።

ሁለተኛው ሃይብሪድና ኤሌክትሪክ መኪና ነው። ድሬ ውስጥም እየበዙ ነው፤ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ ደግሞ ሌላ ነው። እነዚህ ውስጥ ብርቱካንማ ወፍራም ኬብል ታያላችሁ። ብርቱካንማ ማለት ከፍተኛ ቮልቴጅ ማለት ነው። የተለመደው ባትሪያችን 12 ቮልት ነው፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ ከ200 ቮልት በላይ ናቸው። ሰው ይገድላል። ትንሿን 12 ቮልት ባትሪ ስለፈታችሁ ትልቁ ባዶ ሆነ ማለት አይደለም። ብርቱካንማውን አትንኩ፣ ሶኬቱን አትንቀሉ፣ ውሃ አትርጩበት። የኤሌክትሪክ መኪና ኮፈን ሥር የሚፈስ የሞተር ዘይት ስለሌለ ያለው አቧራ ብቻ ነው። ደረቅ ብሩሽና በደንብ የተጨመቀ ጨርቅ ይበቃዋል።

ባትሪ ስትፈቱ ደግሞ የሬዲዮ ኮድ የሚጠይቁ መኪናዎች አሉ፤ ኮዱን አስቀድማችሁ ያዙ። ባትሪው ተመልሶ ሲገጠም ሚኒሞው ለጥቂት ጊዜ ከፍ ዝቅ ሊል ይችላል፤ ኮምፒውተሩ እንደገና እየተማረ ነው።

የከዚራ ጥላ

እሺ፣ ሠርቼው መጣሁ። ጋሼ እንዳሉኝ ጠዋት ነው የጀመርኩት። በደረቁ ብቻ የወጣው ቅጠልና አቧራ አንድ ባልዲ ሞላ። ፌስታሎቹን ቆጥሬ አስሬ ቆጥሬ ፈታሁ። ሲነሳ ሚኒሞው ልክ ነው፤ መብራትም የለም። አሁን ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። የታጠበበት ዘይታማ ውሃ ግቢዬ ላይ ፈሷል፤ ምን ላድርገው? ፕላስቲኩና ቱቦው ላይስ የሚያብለጨልጭ ነገር ልቀባ?

እሙ ሳቢያን

ሰጋቱራ በትንበት። እንጨት ቤት በነፃ ይሰጡሃል። ዘይቱን ሲጠጣ ጠርገህ በማዳበሪያ ከረጢት አስረህ ከቆሻሻ ጋር አውጣው። በሚቀጥለው ጊዜ ከሞተሩ ሥር ካርቶን አንጥፍ፣ ሥራህን ያቀልልሃል። ወደ ቦይ አትልቀቀው በናትህ። የኛ ሰፈር ቦይ ደቻቱ ነው የሚገባው። ደቻቱ ደረቅ ሲሆን ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት፣ ሰው የሚሻገርበት አሸዋ ነው።

ቁልፍ አስር

ማብለጭለጫው ይቅርብህ። ዘይት ያለው ቅባት እንደ ናፍታው አቧራ ይይዛል። የግድ ካልክ በውሃ የተሠራውንና ሲደርቅ የማይጨመላለቀውን ገዝተህ በጨርቅ ፕላስቲኩ ላይ ብቻ አብስ። ቺንጊያ ጋ እንዳይደርስ።

ሁለተኛ ነገር፣ ሙሉ እጥበት በየወሩ አያስፈልግም። ክረምት ሲያልፍ አንዴ ብትሠራው ይበቃል። ዘይት በቀየርክ ቁጥር ግን ቅጠሉን ልቀም፣ አቧራውን አራግፍ፣ ቱቦዎቹን በዓይንህ እይ። ድመት ወይም አይጥ ጎጆ ሠርታ እንደሆነም የምታየው ያኔ ነው። የተቆረጠመ ሽቦ ካገኘህ በፕላስተር አትሸፍነው፣ ለሽቦ ዘርጊ አሳየው።

ደንገጎ ዳገት

ጋሼ፣ ስለ ቱቦው ያሉት አሳስቦኝ ዛሬ የአይሱዙዬን የላይኛውን የራዲያተር ቱቦ ጨመቅሁት። ጫፉ ላይ፣ ክላምፑ አጠገብ፣ ልስልስ ብሏል፤ ስጫነው ይሰረጉዳል። መሐሉ ግን ጠንካራ ነው። ይህ ከናፍታው ነው?

ቁልፍ አስር

ሊሆን ይችላል፤ ከዕድሜም ሊሆን ይችላል። ከየትም ይምጣ፣ ጫፉ የለሰለሰ ቱቦ ጅቡቲ አይመልስህም። ከመውጣትህ በፊት ቀይረው። ሲቀየር ሞተሩ ቀዝቅዞ ይሁን፤ የምትጨምረውም ኩላንት ይሁን እንጂ ባዶ የቧንቧ ውሃ አይሁን። ሽቦ ዘርጊ ያለው ጨው ራዲያተር ውስጥም ይጋገራል።

ደንገጎ ዳገት

እቀይረዋለሁ። በናፍታው ፋንታም ላርጎ እሞክራለሁ፤ ለዚያ ጭቅቅት ግን የሞቀ ውሃ ብዙ ሳያስፈልገኝ አይቀርም።

ቁልፍ አስር

መጀመሪያ በእንጨት ፋቀው። ወፍራሙን በእንጨት ወይም በፕላስቲክ መፋቂያ አንሳ፤ በካቻቢቴ ግን አትፋቅ፣ አሉሚኒየሙን ይቧጭረዋል። የሚቀረውን ያኔ ሳሙናው ይጨርሰዋል።

አሸዋ ሜዳ

ሁላችሁንም አንብቤ ጨረስኩ። እኔ ባጃጅ ነው ያለኝ፤ ቀኑን ሙሉ ከለገሃሬ ሳቢያን ነኝ። ሞተሩ ከኋላ ነው፣ ጎማው የሚያነሳው አቧራ ሁሉ እሱ ላይ ነው። ለእኛም ይኸው ነው?

ቁልፍ አስር

ለእናንተ ይብሳል። አብዛኛው ባጃጅ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው በአየር ነው፤ ራዲያተር የለውም። ሲሊንደሩ ዙሪያ የተደረደሩትን ቀጫጭን የብረት ክንፎች አይተሃል? ሙቀቱ የሚወጣው በእነሱ መሐል በሚያልፈው አየር ነው። ዘይትና አቧራ ከሞላበት አየር አያልፍም፤ ሞተሩ ራሱን ያበስላል። ዳገት ላይ ኃይል ሲያንስህ፣ ሲግልም ሲጠፋብህ፣ መጀመሪያ እዚያ እይ።

ሌሊት አድሮ ሲቀዘቅዝ በቀጭን እንጨትና በብሩሽ በክንፎቹ መሐል ያለውን አውጣ። በየሳምንቱ አድርገው፤ ለባጃጅ አይበዛም። ውሃ ካስፈለገህ የካንዴላውን ቆብ ጥብቅ አድርገህ የአየር መሳቢያውን ሸፍነህ ነው። የጋለ ክንፍ ላይ ግን ቀዝቃዛ ውሃ አትድፋ፤ ይሰነጠቃል።